ግራ ዓይኔ ምን ሆኖ እንደነበር

እናትዬ እንደምነሽልኝ፣ ባለፈው እናትሽ አፏ አምልጧት "አባትሽ ሁለት ሁለት ያያል" ስትልሽ እንዴት እንደደነገጥሽ ከድምፅሽ አውቄዋለሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ በደንብ ልንገርሽ።

የዛን ቀን መንገድ ልሻገር ወደ ግራ ስዞር ሁለት ሚኒባስ ጎን ለጎን ሲመጣ አየሁ፣ አንድ ዓይኔን ስሸፍን አንድ ሆነ። ሀኪሟ "ዓይንዎ ምንም አልሆነም፣ ነርቩ ነው" አለችኝ። ለካ እያንዳንዱ ዓይን 6 ጡንቻ አለው፣ የሚያዟቸው ደግሞ 3 ነርቮች ናቸው፣ ከነሱ አንዱ፣ ከአንጎል በሚወጡት ነርቮች ተራ ቁጥር 6ኛው ነርቭ የሚባለው፣ ስራው ዓይንን ወደ ጆሮ በኩል መሳብ ብቻ ነው፣ ስኳሬ ለሱ ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን የደም ስሮች ጎድቶ የግራውን አደከመብኝ።

በጣም የገረመኝ ግን ምን መሰለሽ፣ ወደ ግራ ልይ ስትዪ አንጎል ግራ ዓይንን ብቻ አያዝም፣ እዛው የአንጎል ግንድ ውስጥ ትዛዙ ተሻግሮ ቀኝ ዓይንንም በዛው ቅፅበት ወደ አፍንጫ ያስዞረዋል። ልክ እንደ ጥማድ በሬ፣ አንዱ ሲደክም ትልሙ ይጣመማል፣ የኔም የተጣመመው እንደዛ ነው።

እስቲ መስታወት ፊት ቆመሽ ከአንዱ ዓይንሽ ወደ ሌላው እያፈራረቅሽ እዪ፣ ሲንቀሳቀስ በፍፁም አታዪውም፣ አጠገብሽ ያለ ሰው ግን ያየዋል። ዓይናችን በሴኮንድ 3 ጊዜ ያህል ይዘላል፣ አሁን ይሄን ስታነቢ ራሱ እየዘለለ ነው፣ በዝላዩ መሀል ያለውን ብዥታ አንጎል ይደብቅልናል። ደግሞ ጣትሽን ፊትሽ አቁመሽ ጭንቅላትሽን ብትነቀንቂ ጣቱ ጥርት ብሎ ይታይሻል፣ ጭንቅላትሽን አቁመሽ ጣቱን በዛው ፍጥነት ብታወዛውዢ ግን ይደበዝዛል። ጭንቅላት ሲዞር የውስጥ ጆሮ ነው በሴኮንድ አንድ መቶኛ ገደማ ውስጥ ዓይንን በተቃራኒው የሚያስዞረው፣ ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ሳስበው ይደንቀኛል።

4 ቀን ዝም ብዬ መቆየቴ ግን ጥፋት ነው፣ በድንገት ሁለት ማየት የስትሮክ ምልክትም ሊሆን ይችላል፣ ማንም እንዲህ ካለሽ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። የኔ በስኳር የመጣ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይመለሳል ብላኛለች፣ እስከዛ መነፅሬን በአንድ በኩል በፕላስተር ሸፍኜ ነው የምሄደው፣ መኪናም አልነዳም፣ እንጀራም ቀንሻለሁ።

ትናንት ፕላስተሩን አንስቼ ሳይ ሁለቱ ሚኒባሶች ሊነካኩ ትንሽ ነው የቀራቸው። እሁድ በቪዲዮ ደውዪልኝ፣ ወደ ግራ እያየሁ አሳይሻለሁ።

አባትሽ