ወደ ነዳጅ ሥራ ለሚሄዱ ወገኖች

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ከባድ መኪና የምንነዳ፣ ነዳጅ ወደሚወጣባቸው አካባቢዎች ለሥራ ለመዛወር ስናስብ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራዩንና የሥራውን ዕድሜ ጭምር እንድናሰላ ለማሳሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

ለምሳሌ ነዳጅ በሚወጣበት በሰሜን ዳኮታ ግዛት የምትገኘው የዊሊስተን ከተማ ሕዝብ በ2010 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 14,716 የነበረ ሲሆን በ2020 ወደ 29,160 አድጓል። በመካከሉ ግን ቤት በመጥፋቱ ብዙ ሠራተኞች በመኪናቸው ውስጥና በጊዜያዊ ካምፖች ያድሩ ነበር፤ የኪራዩም ዋጋ ከታላላቅ ከተሞች ጋር እስከመፎካከር ደርሶ ነበር፤ የክረምቱ ብርድ ደግሞ እጅግ ብርቱ ነው። በ2014 አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ አብዛኞቹ የቁፋሮ ማሽኖች ቆሙ፣ ብዙ ሠራተኛም ተበተነ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የጭነት መኪና በብድር ገዝቶ የሚሄደው ወንድማችን ነው፤ ጭነቱ ሲቀር ወርኃዊ ክፍያው አይቀርምና። መሄድ የሚሻለው በጽሑፍ የተደረገ የሥራ ውል ሲኖር ነው፤ ቤተሰብም ማደሪያው እስኪረጋገጥ ባለበት ቢቆይ ይሻላል። የማኅበረሰብ ማኅበራቶቻችን ቀድመው የሄዱትን ጋብዘው ልምዳቸውን ቢያሰሙን ትልቅ እገዛ ይሆነናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ