ጤነኛው ተክልም ይታሽ

ለአዘጋጁ፣

በቫይረስ የተያዘ ተክል በጠረኑ ይታወቃል የሚሉ ዘገባዎች እየበዙ ነው። መሠረታቸው እውነት ነው፤ ቫይረስ የራሱ የሆነ ሽታ ያለው አስመስለው ማቅረባቸው ግን ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በኪያር ሞዛይክ ቫይረስ የተያዘ ዱባ የሚለቀው ጠረን በአብዛኛው ጤነኛው ዱባ የሚለቀው ነው፤ የጨመረው መጠኑ ነው። ክሽክሾች (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች) ጠረኑ ስቧቸው ይመጣሉ፤ ቅጠሉን ሲቀምሱ ግን ስለማይስማማቸው ቶሎ ይሄዳሉ። ቫይረሱ በአፋቸው ጫፍ ተጣብቆ ለመጓዝ ጥቂት ሴኮንዶች ወይም ደቂቃዎች ይበቁታል፤ መምጣታቸውም ፈጥነው መሄዳቸውም ይጠቅመዋል። የድንችን ቅጠል የሚጠቀልለው ቫይረስ በአንጻሩ ከክሽክሹ አንጀት ወደ ምራቅ ዕጢው ማለፍ ስላለበት ክሽክሹ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ መመገብ አለበት። እዚያ ደግሞ የታመመው ድንች ጠረን ክሽክሹን ይስባል፣ ያቆየዋልም። ነጭ ዝንብ ከሚያስተላልፋቸው ቤጎሞቫይረሶች ከሚባሉት መካከል ቤታሳተላይት (በቫይረሱ ላይ ጥገኛ የሆነ ትንሽ ዲኤንኤ) የሚያጅባቸው አንዳንዶቹ ጭራሽ ተርፒን የሚባሉትን ሽታ ሰጪ ኬሚካሎች ምርት ያዳክማሉ፤ ተርፒኑ ሲቀንስ ለዝንቡ ይመቸዋል። ጠረኑ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል ማለት ነው።

የጠረኑ ልኬት ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማነጻጸሪያው ነው። ቫይረሱ የሚገባው ቅጠሉን በካርቦረንደም (ቅጠሉን በጥቂቱ በሚያቆስል ሻካራ) ዱቄትና በታመመ ተክል ጭማቂ በማሸት ከሆነ፣ ጤነኛውም በዚያው ዱቄትና ቫይረስ በሌለው ፈሳሽ መታሸት አለበት። ያለዚያ የቁስሉ ውጤት ለቫይረሱ ይቆጠራል። ቅጠል በተነካ በሴኮንዶች ውስጥ ሄክሰናል የሚባለው ኬሚካልና ዘመዶቹ፣ ማለትም የታጨደ ሣር ሽታ የምንለው፣ ስለሚወጡ ተክሉን ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ወዲያው ጠረኑን መሰብሰብም አይገባም፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይረፍ።

አፈሩም ጠረን ስለሚለቅ ተክሉ የበቀለበት ማሰሮ በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፈን። በአክቲቭ ካርቦን የተጣራ አየር በደቂቃ 1 ሊትር ቢገባ፣ ጠረኑን በሚይዘው ማጥመጃ በኩል 0.7 ሊትር ያህል ይሳብ፤ የሚገባው ካልበለጠ የክፍሉ አየር በየቀዳዳው ሾልኮ ይገባል። ባዶ ከረጢትም አብሮ ይለካ፤ ፕላስቲኩ ራሱ ኬሚካል ይለቃልና። ብርሃኑ፣ ሙቀቱና ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ይሁን። ብዙ ተርፒኖች ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የጠዋትን ናሙና ከከሰዓቱ ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። ከልኬቱ በኋላ ሁለቱም ወገን በኤላይዛ ወይም በፒሲአር (ቫይረስ መኖሩን በሚያሳዩ የላቦራቶሪ ምርመራዎች) ይመርመር፤ ምልክት ያላሳየ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ውጤት ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የታመመ ተክል ብዙ ጊዜ ይቀጭጫል፤ በአንድ ተክል ሲሰላ የቀነሰው ትነት በደረቅ ክብደት ግራም ሲሰላ ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም ይጻፉ። የተክሉን አሠራር ለመረዳት በግራም የተሰላው ይጠቅማል፤ ክሽክሹ የሚያሸተው ግን ሙሉውን ተክል ነው።

በጠረን በሽታ ይለያል ስለሚባለው መሣሪያም አንድ ነገር እንጨምር። ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባል ሽታ ያለው ኬሚካል በትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ከተያዘ ትምባሆ እንደሚተን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ይታወቃል፤ ነገር ግን ክሽክሽ ወይም ሸረሪት መሰል ቅጠል መጣጭ ተባይ ሲመገብበትም ብዙ ተክል ይህንኑ ይለቃል። ስለዚህ ስለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ስትዘግቡ፣ ቫይረስ በሌለበት ነገር ግን ተባይ ባለበት ተክል ላይ ተሞክሮ እንደሆነ አምራቹን ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በዕፅዋት ቫይረሶች ላይ የምንሠራ ተመራማሪዎች