መሬት ነኝ፣ አባዬ

እትዬ፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። የቀረውን ሰላምታ እንደ ደረሰ ቁጠሪልኝ፣ ቸኩያለሁ።

የላክኩት ገንዘብ ደርሷል አይደል? «ከየት አምጥተህ ነው ይህን ያህል?» ስትይኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ውሸት አልቆብኝ ነው።

እንግዲህ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ሥራ ከለቀቅሁ አምስት ወር ሊሞላኝ ነው። ለቀቅሁ ማለቴ ተቀነስኩ። ድርጅቱ አውሮፕላን ሲቀንስ አብራሪም ቀነሰ። በእኛ ሙያ ቅነሳ የሚጀመረው ከታች ነው፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። እኔ ከመጨረሻ ሰባተኛ ነበርኩ። የቀነሱት ዘጠኝ ሰው ነው።

አትደንግጪ። አልተራብኩም፣ የቤት ኪራይም አልተዝረከረከብኝም። ያጠራቀምኩት ነበረኝ፤ የላክኩትም ከዚያው ላይ ነው። ለሚጣ ሠርግ ካልሆነ ለመቼ ሊሆን? ለእሷ ብቻ እንዳትነግሪያት።

ከሁሉ የከበደኝ አባዬ ነው። ታውቂው የለ፣ ሲደውል «እንደምን ዋልክ» አይልም። «መሬት ነህ ሰማይ?» ነው የሚለኝ። እኔም ይኸው አምስት ወር ሙሉ «መሬት ነኝ፣ አባዬ» እለዋለሁ። አልዋሸሁም። ግን «ጎሽ፣ እረፍ በል» ባለኝ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

ባለፈው ሳምንት የላከልኝ የድምፅ መልእክት ላይ ሁለቴ ሳለ። በሁለተኛው ስልኩን በእጁ ሸፍኖታል፤ ሳሉ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ይመስላል። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጉንፋን ነው ብለሽኛል። ጉንፋን ሁለት ወር ይቆያል እንዴ?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለወራት ዝር ያላለ ሥራ በአንድ ሳምንት ሁለት ሆኖ መጣ። ሁለቱም እስከ ዓርብ መልስ ስጥ ብለውኛል።

አንደኛው አጭር በረራ ነው፣ ኤርባስ ኤ320። በቀን እስከ አራት ጊዜ መነሳት፣ አራት ጊዜ ማረፍ። እኔ የለመድኩት ቦይንግ 737 ስለሆነ እንደገና እሠለጥናለሁ። የቦይንጉ መሪ ከፊትሽ የቆመ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ነው። የኤርባሱ በጎን በኩል ያለች ትንሽ እጀታ ናት፤ የልጆች ጌም መጫወቻ ነው የምትመስለው። የሥልጠናውን ወጪ እነሱ ይችላሉ። ሦስት ዓመት ሳልሞላ ከወጣሁ ግን ከኪሴ እከፍላለሁ። በአራት በአምስት ዓመት ካፒቴን ትሆናለህ ይላሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከሠርጉ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ረጅም በረራ ነው፣ ቦይንግ 787። ደሞዙም ይሻላል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ሰዓት ስለሚበር ሦስት ወይም አራት አብራሪ ሆነን በየተራ እንተኛለን። ከተሳፋሪው ጣሪያ በላይ ጠባብ መኝታ አለችን። ካፒቴንነቱ ግን አሥር ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ይህኛው ትምህርት የሚጀምረው ሰኞ ነው። የሠርጉ ሳምንት ሰኞ።

«አንድ ወር አራዝሙልኝ በላቸዋ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ብያቸው ነበር። ይቻላል አሉኝ። ነገር ግን እዚህ ሙያ ውስጥ ሰው የሚሰለፈው በገባበት ቀን ነው፤ ሲኒየሪቲ ይሉታል። ፈቃድ የምትወጪበት ወር፣ የምትበሪበት መስመር፣ ካፒቴንነቱ፣ ቅነሳው ሳይቀር በዚያ ሰልፍ ነው። ወር ዘግይቼ ብገባ በዚያ ወር የተቀጠሩት ሁሉ እስከ ጡረታ ከፊቴ ናቸው። በዓለም አቀፉ ደንብ የአየር መንገድ አብራሪ ጣሪያ 65 ዓመት ነው። እኔ 34 ዓመቴ ነው። አንድ ወር ለ31 ዓመት ማለት ነው።

ጓደኞቼ አጭሩን ያዝ፣ አትሞኝ ይሉኛል። ቶሎ ካፒቴን ትሆናለህ፣ ማታ ማታ ቤትህ ታድራለህ። ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝም ሰውዬ ይህቺን ሦስቴ ደጋገማት፤ ማታ ቤትህ ታድራለህ! ሚስትና ልጅ ላለው ወርቅ ነው፣ አልክድም። የእኔ የትኛው ቤቴ ነው? አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ እስካሁን ያልሰቀልኩት መጋረጃ። ቤት እናንተ ያላችሁበት ነው፤ እዚያ ደግሞ በአንድ ቀን እረፍት አይደረስም። ከረጅም በረራ ስትመለሺ ግን አራት አምስት ቀን ተከታታይ እረፍት የሚገጥምበት ጊዜ አለ። አምስት ቀን ካገኘሁ መጥቼ አባዬን ሐኪም ዘንድ አድርሼው እመለሳለሁ።

ሚጣ «አብራሪ ሆነህ መምጣት እንዴት ያቅትሃል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ከውጭ ሲታይ ያስቃል። የሠራተኛ ትኬት ግን መቀመጫ ከተረፈ ነው። ካልተረፈ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ትመለሻለሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት «ፕሮግራም ተቀየረብኝ» ያልኳችሁ ትዝ ይልሻል? ሁለት ቀን ሙሉ መሳፈሪያው በር ላይ ተቀምጬ፣ አምስት አውሮፕላን እያየሁ ሄደ። ለእሷ የገዛሁት ጫማ አሁንም ካርቶኑ ውስጥ ነው።

ጫማ ካልኩ፣ ያቺን ልጅ እኮ ጫማ ማሰር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ግራና ቀኙን አንድ ላይ አስራ ደጃፉ ላይ የወደቀችው! ቀሚሷን ስትለካ ፎቶ ልካልኛለች፤ ትከሻው ላይ መርፌው ገና አልተነቀለም፣ እሷ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ ልክ እንደ እማዬ ቆማለች። ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። ሙሽራው ደግሞ በቪዲዮ ባገኘኝ ቁጥር «ካፒቴን» ይለኛል። ረዳት ነው በሉት እባካችሁ፣ ያውም ሥራ ፈት ረዳት።

አንድ ነገር ልጨምር። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ያልተነሳና ሦስት ጊዜ ያላረፈ አብራሪ ተሳፋሪ ይዞ አይነሳም። የእኔ ካለፈ ቆይቷል። ከቅጥር ፈተናው በፊት በራሴ ገንዘብ ሲሙሌተር፣ መሬት ላይ የቆመ የበረራ መለማመጃ፣ ተከራየሁ። መጀመሪያ ሳሳርፍ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ። አሠልጣኙ «ከበረርክ ስንት ጊዜህ ነው?» ሲለኝ «118 ቀን» አልኩት። ስቆጥር መክረሜን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

እትዬ፣ እኔ አምስት ወር ሸፍኜባችኋለሁ። አንቺም የአባዬን እየሸፈንሽብኝ ይመስለኛል። ሐኪሙ ምን አለ? ያለውን እንዳለ ንገሪኝ፣ አታለስልሺው። ጉንፋን ከሆነ ረጅሙን እፈርማለሁ፤ ሚጣን እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ካልሆነ አጭሩን ይዤ ለሠርጉ እመጣለሁ፣ ሦስቱም ዓመት ይታሰር።

ደብዳቤውን ለአባዬ እንዳታነቢለት። ስለ ሥራው እኔው እነግረዋለሁ። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ፤ ከእሱ ራቅ ብለሽ አንሺው።

ማሙሽ