«ምንጊዜም ይቆያል» ብላችሁ የጻፋችሁልኝን እትም መልሱልኝ

ይድረስ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የገዛሁት የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር ሆኖ ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ የሚጫወተው) ዲጂታል የህግ መጽሐፍ የድሮው እትም አካውንቴ ላይ እንደሚቆይ በጽሁፍ ቃል ተገብቶልኝ ሳለ ሳልጠየቅ ስለተቀየረብኝ

ጤና ይስጥልኝ፣

ይሄ አራተኛ መልክቴ ነው። የፊተኞቹ ሶስት ቲኬቶች እናንተው ጋር ስላሉ ምን እንደገዛሁና መቼ እንደገዛሁ እንደገና አልዘረዝርም፣ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ማክሰኞ ማታ ቻት ላይ የተመለሰልኝ መልስ ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው።

አርባ ደቂቃ ተራ ጠብቄ አንድ ሰራተኛችሁ ገቡ። በትህትና ነው የጀመርኩት፣ «የህግ መጽሐፋችን ባለፈው አፕዴት ጠፍቶ በአዲሱ እትም ተተክቷል፣ እኛ ካምፔይን (በየጊዜው እየተገናኘን የምንቀጥለው አንድ ረጅም ታሪክ) መሀል ላይ ነን፣ እባካችሁ የድሮውን መልሱልኝ» አልኩ። «ውድ ደንበኛችን፣ ይህ ማሻሻያ ነው» አሉኝ። እሺ፣ ማሻሻያ ይሁን፣ ግን አልጠየኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ከዛ በሁለተኛው ቲኬቴ ላይ የመለሳችሁልኝን ኮፒ አርጌ ለጠፍኩላቸው፣ «የገዙት እትም ምንጊዜም አካውንትዎ ላይ ይቆያል፤ ወደ አዲሱ መሸጋገር የእርስዎ ምርጫ ነው» ይላል። ምንጊዜም ነው የሚለው፣ አፕዴት እስኪመጣ አይልም። ስድስት ደቂቃ ያህል ዝም አሉ። ከዛ «መጽሐፉ አልጠፋም፣ አዲሱ ስሪት ነው ያለው» ብለው መለሱ። ያ እኮ ሌላ መጽሐፍ ነው፣ ስሙ አንድ ስለሆነ አንድ አይሆንም ስላቸው «አብዛኛው ተጫዋች ወዶታል፣ ካልተመቸዎት በወረቀት መጫወት ይችላሉ» አሉና ቻቱን ዘጉት። መልስ እንኳን ሳልጽፍ! ወዲያው ደግሞ አገልግሎታችን እንዴት ነበር ኮከብ ይስጡን የሚል መጣልኝ።

በወረቀት መጫወት ይችላሉ። ይቺን አረፍተ ነገር ስንቴ መልሼ እንዳነበብኳት አልነግራችሁም። የወረቀቱንም መጽሐፍ የገዛሁት ከናንተው ነው፣ በስድስት ወሩ ጥራዙ ተገንጥሎ የስፔሎቹ (የአስማቶቹ) ምዕራፍ በላስቲክ ታስሮ ነው ያለው፣ ያኔም ጽፌላችሁ ፎቶ ላኩ ተባልኩ፣ ላክኩ፣ እስካሁን መልስ የለም። እሱን ግን ትቼው ነበር።

አሁን ይሄ ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። ጌም ማስተር ነኝ፣ ታሪኩን የምመራው ማለት ነው፣ አራት ተጫዋቾች አሉኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ካምፔይን ነው የያዝነው። አንደኛው ጓደኛችን ከሌቭል አንድ ጀምሮ ያው አንድ ጋሻ ጃግሬ ካራክተር ነው የሚጫወተው፣ አሁን ሌቭል ሰባት ደርሷል። ይሄ ካራክተር አጠገቡ ያለ ሰው ሲመታ ጋሻውን አስገብቶ ምቱን በራሱ ላይ የሚወስድበት ችሎታ ነበረው። ሶስት ሰሽን (የጨዋታ ቀጠሮ) ሙሉ አንድ ድልድይ ላይ ቆመው ጠላት እንዴት እንደሚያስቆሙ ሲያቅዱ ነበር፣ እቅዱ በሙሉ እዛች ችሎታ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ደረስን፣ ጭራቁ ጠንቋያችንን ሊመታ ሲል ጓደኛዬ «እገባለሁ!» ብሎ ብድግ አለ፣ ታብሌቱን ከፈተና በጣቱ ወደላይ ወደታች ማለት ጀመረ። ጠበቅነው። በመጨረሻ ታብሌቱን ወደኔ አዙሮ «ይሄ ነገር የት ሄደ?» አለኝ። ችሎታው የለም። በቦታው በቀን አንድ ጊዜ የራሱን ሂት ፖይንት (እስኪወድቅ ድረስ የሚችለውን የጉዳት መጠን) የሚሞላበት ሌላ ነገር ገብቷል። ጨዋታውን አቆምነው፣ ምክንያቱም እኔም የያዝኩት የህግ መጽሐፍ በዛው ለሊት ተቀይሮ ስለነበር ማጣቀሻ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

እናንተ አፕዴት ትሉታላችሁ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ሰው ሁለት ዓመት የኖረበት ነገር ነው።

ስለ ፓወር ክሪፕም፣ አዲስ የሚወጣው ነገር ሁሌ ከድሮው እየበረታ ስለመሄዱ ማለት ነው፣ አብሬ ልናገር፣ እሱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላኛዋ ተጫዋቻችን በቅርቡ ካወጣችሁት ተጨማሪ መጽሐፍ አዲስ ክላስ (የካራክተር ሙያ) ወሰደች፣ እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ የተሸጠላትን ነው የተጠቀመችው። እሷም ጋሻ ጃግሬው ጓደኛችንም ሌቭል ሰባት ናቸው። የሱ ካራክተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይመታል፣ እያንዳንዱ ምት ስምንት ፊት ያለው ዳይስ ሲደመር 4 ነው፣ በአማካይ 8.5፣ ሁለቱም ከገቡ 17። የሷ ደግሞ ሁለቴ ትመታለች፣ እያንዳንዱ ባለ ስድስት ፊት ሁለት ዳይስ ሲደመር 4፣ ያ 11 ነው፣ ሁለቱ 22፣ በዛ ላይ በየዙሩ አንድ ተጨማሪ ዳይስ 3.5 ይጨመርላታል፣ 25.5። አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው! 51 ሂት ፖይንት ያለው ጭራቅ እሱ በሶስት ዙር የሚጥለውን እሷ በሁለት ዙር ትጥለዋለች፣ እና እሷ መከላከያም አላነሳትም። ወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ጠረጴዛ ላይ ግን አንዱ ሰው ተራው ሲደርስ ነገሩ አልቆ ይጠብቀዋል፣ ከዛ ቀስ እያለ ስልኩን ማየት ይጀምራል። እኔ በአይኔ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደሚመጣ ይገባኛል። አዲስ መጽሐፍ እንዲሸጥ ውስጡ ያለው ነገር ከድሮው ትንሽ መብለጥ አለበት፣ ያ ሲሆን የድሮዎቹ ጭራቆች ለስላሳ ይሆናሉ፣ ስለዚህ የጭራቅ መጽሐፍ ይወጣል፣ እሱ ሲወጣ ደግሞ የድሮ ካራክተር የያዘ ሰው ይሞታል፣ በመጨረሻ ሁሉንም ለማመጣጠን ተብሎ «የተሻሻለ እትም» ይመጣል። ያበላሸው ሰው ማስተካከያውን ደግሞ ሲሸጥልኝ ግን ቢያንስ ልጠየቅ ይገባል።

እትም መቀየር በራሱ ነውር ነው አላልኩም። ታዋቂው የሚና ጨዋታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ ጀምሮ ስንቴ ተቀያይሯል፣ ሶስተኛው እትም በ2000 ወጥቶ ገና በሶስት ዓመቱ በ2003 «3.5» የተባለው የተሻሻለ እትም ሲመጣ ብዙ ሰው ተናዷል፣ ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ሌሊት ገብቶ የቀየረበት የለም። በ2008 አራተኛው ሲወጣ ያልፈለገ በ3.5 ቀጠለ፣ እንደውም በ2009 የወጣው ፓዝፋይንደር የሚባለው ሌላ ጨዋታ የተሰራው በዛው በ3.5 ህግ ላይ ነው፣ ስንት ሰው ተከትሎት ሄደ። ይሄን የማነሳው ተጫዋች የሚሄድበት እንደማያጣ እንድታውቁት ነው።

ሶስተኛው ቲኬት ላይ ደግሞ «ሁለት እትም ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቴክኒክ አይቻልም» ብላችሁኛል። ይሄንን አልቀበልም። በ2024 አዲሱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እትም ሊወጣ ሲል ዲጂታል ካራክተር ሺቶች (የካራክተር መረጃ የሚጻፍባቸው ቅጾች) ላይ የነበሩ ስፔሎችና አስማታዊ እቃዎች በአዲሶቹ ሊተኩ ነው ተብሎ ተጫዋቹ ሲጮህ በቀናት ውስጥ ውሳኔው ተቀይሮ የድሮው እንዲቆይ ተደርጓል። እነሱ ጋር ከተቻለ እናንተ ጋር የማይቻልበትን ምክንያት በዝርዝር ጻፉልኝ፣ እኔ አነባለሁ።

ስህተት ማረም ሌላ ነገር ነው። ኤራታ (የስህተት ማረሚያ) ስታወጡ አመስግኜ ነበር፣ ምንም እንኳን በአንድ ዓመት ሶስቴ ፒዲኤፉ ተቀይሮ የገጽ ቁጥሩ ስለተዛባ ማስታወሻዬን ሁሉ ደግሜ ብጽፍም፣ ማውጫው ደግሞ እስካሁን ወደተሳሳተ ገጽ ቢልክም። የፊደል ስህተት ማስተካከልና የሰው ካራክተር መቀየር ግን አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፣ የድሮውን እትም መልሱልኝ የሚል። አሁን እሱ ብቻ አይበቃኝም። የድሮው የህግ መጽሐፍ አካውንቴ ላይ ይመለስ፣ የአራቱም ተጫዋቾቼ ካራክተር ሺቶች ከአፕዴቱ በፊት እንደነበሩት ይሁኑ፣ ባካፕ እንደሚኖራችሁ አልጠራጠርም። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት «ትፈልጋለህ ወይ» የሚል በተን ይኑር፣ እምቢ ማለት የሚቻልበት። የማክሰኞው ቻት ሙሉ ጽሁፍ ይላክልኝ፣ እና ያ «በወረቀት ይጫወቱ» የሚለው መልስ የድርጅቱ አቋም ነው ወይስ የሰራተኛው፣ ለይታችሁ ንገሩኝ። የሰራተኛው ከሆነ ይቅርታ ይበቃኛል፣ ሰው ይደክማል፣ ይገባኛል። የድርጅቱ ከሆነ ግን ለዲጂታል መጽሐፎቹ በሙሉ የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ፣ ተጨማሪ መጽሐፎቹንም ጨምሮ፣ ምክንያቱም የነሱ መሰረት የሆነው ህግ ከሌለ ብቻቸውን ምንም አያደርጉልኝም።

እስከ አርብ መልስ ካላገኘሁ አምስታችንም ሰብስክሪፕሽናችንን እናቋርጣለን፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። የፊታችን ቅዳሜ ሰሽን አለን፣ ካራክተሩን ካለፉት ሰሽኖች ማስታወሻዬ እየለቀምኩ በእጄ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሂት ፖይንቱ ላይ ብቻ እርግጠኛ አይደለሁም፣ 58 ይመስለኛል ጓደኛዬ 61 ነው ይላል። ትክክለኛው ቁጥር እናንተ ሰርቨር ላይ ነው ያለው።

የሁለተኛው ቲኬት መልስ ኮፒ ከዚህ ጋር ተያይዟል። መልሳችሁን በጽሁፍ ላኩልኝ፣ በቻት አይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ