የአራተኛው ቴሌቪዥን ጉዳይ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ ይህን ያህል መንገድ ሳይሆን እስካሁን ዝም ማለቴ ያሳፍራል፤ ስንገናኝ እንደ ልማድህ ትሰድበኛለህ፣ አሁን ግን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከአክስቴ ልጅ ጋር ፒያሳ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት መክፈታችንን ሳትሰማ አትቀርም። ካሉን አራት ቴሌቪዥኖች በሦስቱ ላይ ቀኑን ሙሉ ኳስ ይጫወቱባቸዋል፤ ተሸናፊው ይከፍላል፣ ተረኛው ጆይስቲኩን ይቀበላል፣ ገንዘቡም አይቋረጥም። አራተኛውን እኔ በግትርነቴ ለዴቪል ሜይ ክራይ 5፣ ለዚያ የሰይፍና የሽጉጥ ውጊያ ጨዋታ፣ ሰጠሁት። የአክስቴ ልጅ ወር በመጣ ቁጥር ደብተሩን ዘርግቶ «አንዱ እየከፈለ አሥሩ በነጻ የሚያይበት ጨዋታ» ይለዋል። በሒሳቡ ሐሰት የለበትም፤ የሚያናድደኝ «ዝም ብሎ መደባደብ ነው» ማለቱ ነው።

አንተ የምታውቀውን ነገር ለእርሱ እንዴት ላስረዳው? በዚህ ዓይነት ጨዋታ ጠላትን መግደል ትንሹ ነገር ነው፤ የሚዳኘው አገዳደሉ ነው። ያንኑ ምት ስትደጋግም የምታገኘው ነጥብ እያነሰ ይሄዳል፣ ጠላት ሲመታህ ማዕረግህ ይወርዳል፣ ሰይፍና ሽጉጡን እያፈራረቅህ ኮምቦው፣ የምቶቹ ሰንሰለት፣ ሳይበጠስ ጠላትን አየር ላይ ካቆየኸው ግን ከዝቅተኛው ማዕረግ ከዲ ተነሥተህ በኤና በኤስ አልፈህ እስከ ከፍተኛው ሦስት ኤስ ትወጣለህ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ አምስተኛው ደግሞ ዘፈኑን ከማዕረጉ ጋር ስላሰረው፣ ኤስ ላይ ስትደርስ አዝማቹ ይፈነዳል። ባለፈው አንድ የሆጤ ልጅ እዚያ ሲደርስ ኳሶቹ ሁሉ ቆመው ተጫዋቾቹ ወደ እርሱ ዞሩ፤ የአክስቴ ልጅም አፉን ከፍቶ አይቷል፣ ዛሬ ይክዳል እንጂ።

ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ በየቀኑ አይመጣም። ጀማሪው አንዷን ቁልፍ ብቻ እየደበደበ ምዕራፉን ያልፋል፣ ጨዋታውም አይከለክለውም፣ ከዚያ ሰልችቶት ወደ ኳሱ ይመለሳል። ምን እንዳመለጠው የሚያሳየው ሰው የለም። እኔ ላሳይ ብዬ ስቀመጥ፣ ሳልደብቅህ ልንገርህ፣ ከኤ አላልፍም፤ ጣቶቼ አርጅተዋል።

ደግሞ ሰሞኑን ያወቅሁትን ሳልነግርህ አላልፍም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ዴቪል ሜይ ክራይ፣ ካፕኮም በተባለው ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ውስጥ ሲጀመር የአስፈሪው ጨዋታ የሬዚደንት ኢቭል አራተኛ ክፍል ሊሆን ታስቦ ነበር፤ ከአስፈሪነቱ ይልቅ ውጊያው ስለበዛበት ለብቻው ጨዋታ ሆነ። አዘጋጁ ሂዴኪ ካሚያ ጠላትን በሰይፍ እየመቱ አየር ላይ የማቆየቱን ሐሳብ ያገኘው ኦኒሙሻ የተባለው ሌላ ጨዋታ ሲሠራ ከታየ ብልሽት ነው። ስትሪት ፋይተር 2 በተባለው የድብድብ ጨዋታ ላይም በ1991 እ.ኤ.አ. ምትን ከምት ማያያዝ የተቻለው በፕሮግራሙ ክፍተት ነበር፤ ሠሪዎቹም አይተው ተዉት። ይህን ለአክስቴ ልጅ ብነግረው «ብልሽት ነው ብዬህ አልነበር?» ብሎ ደብተሩን ዘረጋብኝ።

ስለዚህ አንተ ታስፈልገኛለህ። ሦስተኛውን ስንጫወት ሁልጊዜ ትሪክስተር የሚባለውን የማምለጫ ስልት መርጠህ ከጠላት ጠላት ስትሸሽ የምትውል ፈሪ መሆንህን አልረሳሁም፤ ቢሆንም ጆይስቲክ በእጅህ ሲገባ ሰው ከጀርባህ እንደሚሰበሰብም አልረሳሁም። ከአራተኛው ጀምሮ አራቱን ስልት ውጊያው መሐል ሳለህ መቀያየር ስለሚቻል፣ አሁን ለመሸሽም ለመመከትም ምርጫህን አስቀድመህ መወሰን የለብህም። ፈረቃ በሌለህ እሁድ፣ ከተመቸህም በየሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ብትመጣልኝ፣ እየተጫወትህ ለልጆቹ ብታሳያቸው... የመንገዱን እኔ እችላለሁ፤ ለድካምህም አንድ ነገር ብል እንደምትቆጣ ስለማውቅ አሁን አልናገርም፣ ሆኖም አስቤበታለሁ።

የአክስቴ ልጅ እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሦኛል። ከመምጣትህ በፊት ደውልልኝ፤ ስልኬ ያው የድሮው ነው። መብራት ካለ ከጠዋት ጀምሮ ቴሌቪዥኑን ላንተ አስይዘዋለሁ።

ወንድምህ
ከደሴ