የስፖርት ታሪክ ክበብ፦ ከሰተን ቤተሰብ ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ከየስፖርቱ ጥቂት ጥቂት መልቀሙን ትቶ አንድ ቤተሰብ ይዞ ከረመ። የቤተሰቡ ዝነኛ የቴኒስ ተጫዋች ሜይ ሰተን እ.ኤ.አ. በ1886 በእንግሊዟ ፕሊመዝ ተወለደች። አባቷ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ ፓሳዴና አጠገብ እርሻ ያዘ፤ እዚያው ግቢ ውስጥም የቴኒስ ሜዳ ተሠራ።

አባላቱ የሜይ ብርታት ከየት መጣ በሚል ክርክር የገጠሙት እዚህ ላይ ነው። ገሚሶቹ “ተሰጥኦ ነው” አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ “ሜዳው ደጃፏ ላይ ባይሆንስ?” ብለው ሞገቱ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ፤ ግን ሜዳ ብቻውን አይበቃም። ታላላቆቿ ኤቴል፣ ፍሎረንስና ቫዮሌት ብርቱ ተጫዋቾች ስለነበሩ ሜይ ተፎካካሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። በአገሩም “ሰተንን የሚረታ ሰተን ብቻ ነው” ይባል ነበር።

በ1904 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች። በዓመቱ ዊምብልደን በተባለው የእንግሊዝ ታላቅ የቴኒስ ውድድር ላይ የወቅቱን አሸናፊ ዶሮቲያ ዳግላስን 6-3፣ 6-4 ረታች፤ የዊምብልደንን የነጠላ ዋንጫ የወሰደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊትም እሷ ናት። በ1906 ዳግላስ አስመለሰችው፣ በ1907 ሜይ መልሳ ነጠቀቻት። ሴት ተማሪዎቻችንን ግን ከውጤቱ ይልቅ የማረካቸው እጅጌዋ ነበር። በዚያ ዘመን ሴቶች የሚጫወቱት እስከ አንጓ በሚደርስ እጅጌና በረጅም ቀሚስ ነው፤ እሷ እጅጌዋን ጠቅልላ ገባች፣ ቀሚሷም ቁርጭምጭሚት ያሳይ ስለነበር ብዙ አነጋገረ። ስለ ስፖርት ልብሳችን የተነሳው ወሬ ለሁለት ሳምንት አልበረደም!

ለግድግዳ ጋዜጣችን የሣልነው የዘር ሐረግ ከወረቀቱ ሊተርፍ ምንም አልቀረውም። ሜይ በ1912 ያገባችው ቶም በንዲ ከ1912 እስከ 1914 በተከታታይ የአሜሪካ የጥንድ ሻምፒዮን ነው። የቫዮሌት ልጅ ጆን ዶግ በ1930 የአሜሪካን የነጠላ ዋንጫ ወሰደ። የሜይ ልጅ ዶሮቲ በንዲ ደግሞ በ1938 የአውስትራሊያን ዋንጫ አነሳች። ይህን ያዩ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ወዲያው “እንደ እነ ጥሩነሽ!” አሉ። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ እህትማማች፣ ደራርቱ ቱሉም ዘመዳቸው ስለሆነች የመጪው ዓመት ርዕሳችን ያለ ድምፅ ቆጠራ ተወሰነ።

ትምህርት ቤታችን የቴኒስ ሜዳ የለውም። የመረብ ኳሱን መረብ ዝቅ አድርገን፣ በተዋስናቸው ራኬቶች ሰርቭ ሞክረናል፤ ኳሶቹ በብዛት ወደ ጎረቤት አጥር ገብተዋል። አሮጌ ራኬት ያላችሁ ወላጆች ለስፖርት መምህራን ብታስረክቡልን ደስ ይለናል።