የተረት ፊልም ከገንዘብ በፊት ጥያቄ ይፈልጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኮምፒውተር የሚሠራ የአኒሜሽን ፊልም በተነሳ ቁጥር አገራችን ውስጥ የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «እሱ የሆሊውድ ገንዘብ ላለው ነው» ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። በተለይ የልጆችን ተረት ገልብጦ የሚያስቅ ፊልም ሲታሰብ ሁሉም የሚጠቅሰው «ሽሬክ»ን ነው። ሽሬክ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶበታል። በቀጣዩ ዓመትም ለረጅም አኒሜሽን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን ኦስካር ወስዷል። የገጸ ባሕርያቱ ፊት ከቆዳው ሥር አጥንትና ጡንቻ ያለው መስሎ እንዲንቀሳቀስ ያደረገውን ሥርዓትም ሠሪዎቹ ለራሳቸው ያበጁት ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን በእርግጥ የምንጀምረው ነገር የለም። እኛ ልንማርበት የሚገባው ግን ሌላ ፊልም ነው።

በ2005 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ «ሁድዊንክድ» የተባለ ፊልም ወጣ። ጽፈው ያዘጋጁት ኮሪና ቶድ ኤድዋርድስ የተባሉ ወንድማማቾችና ቶኒ ሊች ናቸው። ወጪውን የሸፈነው ትልቅ ስቱዲዮ ሳይሆን ሞሪስ ካንባር የተባለ፣ በቮድካ ንግድ የበለጸገ ባለሀብት ነበር። አኒሜሽኑ የተሠራው ፊሊፒንስ፣ ማኒላ ውስጥ ነው። ፊልሙ ከ8 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ገንዘብ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ አስገባ። 8 ሚሊዮን ዶላርም ቢሆን ለእኛ ትንሽ አይደለም። ሊጠና የሚገባው ግን ያ ገንዘብ እንዴት እንደበቃ ነው፤ ያበቃውም የታሪኩ አወቃቀር ነው።

መነሻው የባለ ቀይ ቆቧ ልጅ ተረት ነው። ልጅቷ ለአያቷ ስንቅ ይዛ በጫካ ትሄዳለች፤ ተኩላ ቀድሟት ይደርስና አያቷን መስሎ አልጋ ላይ ይጠብቃታል፤ በመጨረሻ እንጨት ቆራጩ ደርሶ ያድናታል። ፊልሙ የሚጀምረው ተረቱ በሚያልቅበት ቦታ ነው። እንጨት ቆራጩ መጥረቢያውን እንደያዘ በመስኮት ይገባል፤ ፖሊስ ቤቱን ይከባል፤ አራቱም ተጠርጣሪ ይሆናሉ። ከዚያ አንድ እንቁራሪት መርማሪ የአራቱንም ቃል በየተራ ይቀበላል።

ተረቱን የሰማ ልጅ ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያልፋቸው ነገሮች አሉ። አንዲት አሮጊት ጫካ ውስጥ ብቻዋን ምን ትሠራለች? ተኩላው ልጅቷን መንገድ ላይ መብላት ሲችል አያቷን ለመምሰል ምን አደከመው? እንጨት ቆራጩስ በዚያች ደቂቃ ማን ጠርቶት ደረሰ? ፊልሙ የተሠራው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በመስጠት ነው። ተኩላው ጋዜጠኛ ነው፤ የሚያሳድደው ሥጋ ሳይሆን መረጃ ነው። አያትየው ከቤተሰቧ ደብቃ በአደገኛ ስፖርት የምትወዳደር ናት፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስራ የተገኘችውም በራሷ ፓራሹት ገመድ ተጠላልፋ ነው። እንጨት ቆራጩ ለማስታወቂያ ሚና የሚለማመድ ተዋናይ ነው፤ በመስኮት የገባውም ራሱ የቆረጠው ግንድ እያንከባለለ አምጥቶት ነው። ሳቁ ሁሉ ከተረቱ ውስጥ የወጣ ስለሆነ ዛሬም ያስቃል። በወቅቱ ዘፈንና ማስታወቂያ ላይ የቆመ ቀልድ ግን ዘፈኑ ሲረሳ አብሮ ይረሳል። ተረት ገልብጠው የሚያስቁ ብዙ ፊልሞች በአሥር ዓመት ውስጥ የደበዘዙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። አራት ሰው ስለ አንድ ቀን ሲመሰክር ያው ጫካ፣ ያው መንገድ፣ ያው ቤት፣ ያው የኬብል መኪና በተደጋጋሚ ይታያል። በአኒሜሽን አንድ ቦታ ወይም አንድ ገጸ ባሕርይ ገንዘብ የሚበላው መጀመሪያ ሲሠራ ነው። ቅርጹ ይቀረጻል፣ ቀለሙና ልብሱ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ሪግ ይሠራለታል፤ ማለትም አኒሜተሩ ይዞ የሚያንቀሳቅሰው የመገጣጠሚያና የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ይገባለታል። አንድ ጊዜ ካለቀ በኋላ ሁለት ደቂቃም ታየ ሃያ ደቂቃ ይህ የመሥሪያ ወጪ አይደገምም። ስለዚህ በየትዕይንቱ አዲስ አገር የሚያሳይ ስክሪፕት ገና በወረቀት ላይ እያለ ኪሳራ ነው። ምስክርነት ግን ያንኑ ቦታ መልሶ ማሳየትን የታሪኩ ጉልበት ያደርገዋል።

እንዲህ ያለ ስክሪፕት ሲጻፍ መጀመሪያ የሚሠራው ሠንጠረዥ ነው። ወደታች ሰዓቱ፣ ወደጎን ተጠርጣሪዎቹ ይጻፋሉ፤ በየክፍሉ ያ ሰው በዚያ ደቂቃ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየና ምን እንዳልገባው ይሞላል። ሁለቱ የተገናኙበት ትዕይንት ሲደገም ሁለት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛ፣ የፊተኛው ምስክር ያላየው ቢያንስ አንድ ነገር መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ ድግግሞሹ በየጊዜው ማጠር አለበት፤ መጀመሪያ 90 ሰከንድ የወሰደው ሁለተኛ ጊዜ 30፣ ሦስተኛ ጊዜ 10 ሰከንድ ይበቃዋል። አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ተመልካቹ የሚመጣውን አውቆ ሳለ ሙሉውን መልሶ ያሳየዋል፤ አዳራሹም ይቀዘቅዛል።

ሁድዊንክድ ደካማ ጎን የለውም አልልም። ስዕሉን ብዙ ተቺዎች ነቅፈውታል፤ እንቅስቃሴው ደረቅ የሆነበት፣ ብርሃኑም ጠፍጣፋ የሆነበት ቦታ አለ። አዘጋጆቹ ግን የሽሬክን ጥራት ለመምሰል አልሞከሩም። አሻንጉሊት በእጅ እያንቀሳቀሱ ፍሬም በፍሬም (አንድ አንድ ምስል እያሉ) የሚነሱትን የድሮ ፊልሞች መልክ መረጡ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ተመልካች አሻንጉሊት የሚመስል ነገር ሲደርቅ ይቅር ይላል፤ ሰው የሚመስል ነገር ሲደርቅ ግን ይሸሻል። የሽሬክ ሠሪዎች እንኳ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ እያላቸው፣ ልዕልት ፊዮናን ከሰው ጋር አብዝተው ስላመሳሰሏት ለማየት የምትከብድ ሆናባቸው ወደ ካርቱንነት መልሰዋታል።

የጊዜውን ስሌት ፕሮዲውሰሮች አስቀድመው ቢሠሩት ብዙ ሐዘን ይቀራል። የ80 ደቂቃ ፊልም 4,800 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ 115,200 ፍሬም ይሆናል። አንድ ፍሬም ሬንደር ለመሆን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ለማውጣት፣ 10 ደቂቃ ከፈጀ በአንድ ኮምፒውተር 800 ቀን፣ በ20 ኮምፒውተር 40 ቀን ይወስዳል። ፀጉር፣ ጭስና ውኃ ሲጨመርበት ፍሬሙ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ያው 20 ኮምፒውተር 240 ቀን ይፈልጋል፤ ያውም አንዴ ብቻ ሬንደር ቢደረግ ነው፣ አንዴ ብቻ የሚደረግ ፊልም ደግሞ የለም። እንቅስቃሴውን በተመለከተ፣ አንድ አኒሜተር በሳምንት 5 ሰከንድ ያህል ጥሩ ሥራ ቢያወጣ ጠቅላላው 960 ሳምንት ነው፤ 20 አኒሜተሮች አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ሬንደሩ ሁልጊዜ ፍሬም በፍሬም፣ በተናጠል ምስል መቀመጥ አለበት። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል የሚያስቀምጥ ሰው መብራት በሄደ ሰዓት ሁሉንም ያጣል፤ በተናጠል ያስቀመጠ ግን ካቆመበት ፍሬም ይቀጥላል።

ሶፍትዌር ዛሬ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከላትቪያ የመጣው «ፍሎው» የተባለው ፊልም በነፃ በሚገኘው ብሌንደር ተሠርቶ በ2025 የአኒሜሽን ኦስካር አሸንፏል።

ድምፅ የሚቀዳው ከአኒሜሽኑ በፊት ነው። አኒሜተሩ የሚሠራው የተዋናዩን ትንፋሽና ፍጥነት እየሰማ ስለሆነ በኋላ የሚለጠፍ ድምፅ ሁልጊዜ ያስታውቃል። በአማርኛ በተለይ ጥንቃቄ የሚፈልጉት ከንፈር የሚገጥምባቸው ም፣ ብ፣ ፕ እና ጵ ናቸው። ከንፈሩ ድምፁ ከመሰማቱ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀድሞ መዘጋት አለበት፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ክፍት ከሆነ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ዓይን ይይዘዋል። ለፍ የታች ከንፈር የላይ ጥርስን ይነካል፤ ለኡና ለኦ አፍ ይሞጠሙጣል። ከምላስ ኋላ የሚወጡትን ድምፆች አንድ የጋራ የአፍ ቅርጽ ይበቃቸዋል። ከስምንት እስከ አሥር የአፍ ቅርጽ በሚገባ ከተሠራ ለአንድ አስቂኝ ገጸ ባሕርይ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መሥራት በጀት ማባከን ነው።

የእኛን ተረት በዚህ መንገድ መሥራት ለሚፈልጉ የመጀመሪያው ፈተና ተመልካቹ ተረቱን ያውቀዋል ወይ የሚለው ነው። ያላወቀውን ነገር ሲገለበጥ አይቶ የሚስቅ የለም። አንድ ተረት ተመርጦ ለልጆችም ለሽማግሌዎችም እስከ ግማሹ ይነገር፤ ቀሪውን ራሳቸው ከጨረሱት ይሆናል፤ «ከዚያስ?» ብለው ከጠየቁ ሌላ ይፈለግ።

«አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የሚለውን እንውሰድ። ጅብ ከወንዙ ላይኛ በኩል ሆኖ፣ ታች የምትጠጣውን አህያ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ያልተጠየቁት ጥያቄዎች ደግሞ ሞልተዋል። ጅብ ሊበላት ከወሰነ ሰበብ ምን አስፈለገው? ማንን ፈርቶ ነው? አህያዋ ጅብ በሚጠጣበት ሰዓት ወንዝ ዳር ምን ፈለገች? የተናገረችውንስ ቃል ሰምቶ ለእኛ ያደረሰልን ማን ነው? ቢያንስ አንድ ምስክር ነበረ ማለት ነው፤ ምናልባት ዛፍ ላይ የተቀመጠች እመት ጦጣ። ውኃውስ በእርግጥ ደፍርሶ ነበር? ደፍርሶ ከሆነስ ከጅቡም በላይ ሆኖ ያደፈረሰው ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን የአንድ ሙሉ ፊልም ምስጢር ይሆናል።

ምስክርነቱን የሚሸከም መድረክም ከውጭ መበደር አያስፈልግም። በዋርካ ሥር የሚቆም ችሎት፣ ዋስ ጠርቶ በ«በላ ልበልሃ» የሚሟገት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ቃሉ የሚመዘን ምስክር አለን። ሙግቱ ራሱ ግጥምና ዜማ አለው፤ ተዋናይ ሲጫወተው ደግሞ ትንፋሽና ዕረፍት ይሰጣል፤ ለአኒሜተር ከዚህ የተሻለ ድምፅ አላውቅም። የሚያስፈልገው ዋርካው፣ ወንዝ ዳሩና አንድ መንደር፣ ከአምስት እስከ ሰባት ገጸ ባሕርይ ነው። የጅቡ ፀጉር ክር በክር እንዳይሠራ፤ በቀለምና በጥቂት ወፍራም ቁራጭ ይታይ። ውኃው የዚህ ታሪክ አደጋ ነው። የሚፈስ ውኃን በፊዚክስ ስሌት ማንቀሳቀስ ኮምፒውተሩን ለሳምንታት ይይዛል። ታሪኩ ግን የሚፈልገው መጥራቱንና መደፍረሱን ብቻ ነው፤ ይህ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ቀለም በመለወጥ፣ ጥቂት መስመር በማንቀሳቀስና ጥሩ የወንዝ ድምፅ በመጨመር ይሠራል። አህያዋ ውኃው ውስጥ እግሯን የምትነክርበት ትዕይንት ካለ ካሜራው ከጉልበቷ በላይ ይሁን።

የሁድዊንክድ ቀጣይ ክፍል በ2011 እጅግ በበለጠ ገንዘብ ተሠርቶ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ገቢ ነው ያገኘው። እኔ እንደማየው ሁለተኛው ክፍል ተረት መጠየቁን ትቶ የስለላና የድብድብ ፊልም ወደ መምሰል ሄደ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ከእሱ የተሻሉ ብዙ ነበሩ።

ስለዚህ ገንዘብ ለሚሰጡ ተቋማትና ባለሀብቶች የምለው ይህ ነው። አንድ ደቂቃ የሚያብረቀርቅ ናሙና አትጠይቁ። ናሙናው ውብ ሆኖ ታሪኩ ባዶ የሆነ ፕሮጀክት ብዙ ነው። የምትጠይቁት አኒማቲክ ይሁን፤ ማለትም ስቶሪቦርዱ (ታሪኩን በተራ የሚያሳዩት ስዕሎች) በትክክለኛው የጊዜ ርዝመት ተደርድሮ፣ ጊዜያዊ ድምፅ ተቀድቶበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 80 ደቂቃ። አንድ ጸሐፊ፣ ሁለት ሠዓሊና አንድ ኤዲተር በጥቂት ወራት ያደርሱታል። ይህን በእርሳስ የተሣለ ፊልም ተረቱን ለሚያውቁ ልጆች አሳዩት፤ አንድ ሰው ከጎን ተቀምጦ የሳቁበትንና ፊታቸውን ያዞሩበትን ደቂቃ ይመዝግብ። ፊታቸውን ያዞሩበት ትዕይንት እዚያው ይሰረዝ ወይም እንደገና ይጻፍ። በእርሳስ ያለን ትዕይንት መሰረዝ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሬንደር ከሆነ በኋላ ግን የብዙ ሰው የብዙ ወር ደመወዝ ነው። የሞዴልና የሪግ ክፍያ የሚለቀቀው ይህ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፤
የአኒሜሽን ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ